«አርማታ» ምን አጠፋ? ስለ ሳይት ቋንቋ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በግንባታ ሰዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የዞረ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ ሳይት ላይ የምንነጋገርበት ቋንቋ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የግንባታ ቋንቋችን ጣሊያኖች ጥለውት የሄዱት ፍርስራሽ ነው። ፌሮ (የአርማታ ብረት)፣ ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ብረት)፣ ሶሌታ (በፎቆች መሐል ወይም በጣሪያ ላይ የሚሞላው ዝርግ አርማታ)፣ ሊሾ፣ አርማታ እያልን ትርጉሙን ሳናውቅ እንደግማለን። መሐንዲስና ግንበኛ የማይግባቡት፣ ወለል የሚሰነጠቀው፣ የመንገድ ንጣፍ የሚሰምጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔያቸው ሁለት ነው። ንድፍ ላይ ትክክለኛው እንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ለሠራተኛው ደግሞ ከግዕዝ የተቀዳ አዲስ ቃል ይሰጠው። ቁጥሮችንና ንጹህ አማርኛ የሆኑትን ግን አይነኩም። እንዲያውም ሲ-25 የሚለው የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ እና ውሃ ልክ የግልጽነት ምሳሌ ተብለው ተወድሰዋል።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ለሙያው ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል። ድምዳሜው ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። ሳይት ላይ ሳይ የኖርኩት ጠብና ብልሽት አብዛኛው ከነፌሮ የመጣ አይደለም። የመጣው ከተወደሱት ቃላት ነው።

ከጣሊያንኛው ልነሳ። ቃላቱ የገቡበት መንገድ አያከራክርም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን መንገዱና ሕንጻው ሲሠራ ቃሉም አብሮ ገባ። ከነጻነት በኋላ እዚሁ የቀሩ ጣሊያን ግንበኞች ነበሩ፤ ብዙ የኛ ባለሙያም ሥራውን የተማረው ከጎናቸው ቆሞ ነው። ካፖ (የሠራተኞች አለቃ)፣ ፌራዮ (ፌሮ ሠራተኛ)፣ ሞራሌ፣ ፖዜቶ የምንለው ለዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ቃሉ ከየት መጣ የሚለውና ቃሉ ሥራ ያበላሻል ወይ የሚለው ግን ለየብቻ የሚጠየቁ ናቸው። ቤርጋን ውሰዱ። ቤርጋ ማለት አንድ ሙሉ ዘንግ ፌሮ ነው፤ ርዝመቱ 12 ሜትር። ይህን የማያውቅ ፌራዮ አላጋጠመኝም። «የ12 ፌሮ፣ 40 ቤርጋ» ብለህ ብታዝ ሻጩም፣ ጫኙም፣ ጥበቃውም አንድ ነገር ይረዳል። የ12 ሚሊ ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ቤርጋ 10.6 ኪሎ ገደማ ነው። ሚዛን ላይ አውጥተህ 9 ኪሎ ካገኘኸው ፌሮው 12 አይደለም፤ አለቀ። ጸሐፊው «የማጠናከሪያ ብረት ዘንግ» ይባል ይላሉ። ይባል፤ ግን ርዝመቱን ማን ይነግረኛል? ቤርጋ ውስጥ ርዝመቱ አብሮ አለ።

ደግሞስ ጣሊያንኛውን አውጥቶ እንግሊዝኛ መተካት እንዴት ነው ነጻ መውጣት የሚሆነው? ሶሌታን «ስላብ»፣ ስታፋን «ስቲረፕ» ብንለው ባዕዱን በባዕድ ለወጥን እንጂ ምን አተረፍን?

አርማታ ላይ ጸሐፊው ብዙ ደክመዋል። ክርክራቸው እንዲህ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ «የታጠቀ» ማለት ነው፤ ማለትም በብረት የታጠቀ ሲሚንቶ። እኛ ግን ብረት የሌለውንም አርማታ እንላለን። ስለዚህ ቃሉ ውሸት ነው፤ ብረት አለው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል።

የጣሊያንኛው ትርጉም ልክ ነው። ነገር ግን ሳይት ላይ የሚሠራው የአማርኛው አርማታ ነው። በአማርኛ አርማታ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ተቦክቶ የሚሞላው ነገር ነው። ማስረጃው «የአርማታ ብረት» የሚለው አነጋገራችን ነው። አርማታ ራሱ ብረቱን የያዘ ቢሆን ኖሮ «የአርማታ ብረት» ማለት ለምን ያስፈልገን ነበር?

ሕዳሴ ግድብን ተመልከቱ። የዋናው ግድብ አካል የተሠራው በሮለር በሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ነው። ድብልቁ ደረቅ ያለ ነው። እንደ አፈር በዶዘር ይዘረጋል፤ ከዚያ ሮለር ይሄድበታል። በዚህ መንገድ የተሞላው ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። በዚህ ሙሌት ውስጥ እንደ ሶሌታ የተዘረጋ የፌሮ መረብ የለም፤ ግድቡ ውሃውን የሚያግደው በክብደቱ ነው። ብረት የሚታሰርባቸው እንደ ኃይል ማመንጫው ያሉ ክፍሎች ሌላ ናቸው። ታዲያ ግንባታው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ለዓመታት በዜና ስንሰማ የኖርነው «የአርማታ ሙሌት» እየተባለ ነው። ግር ያለው ሰው ነበር? በጸሐፊው ሕግ ከሄድን የአገሪቱ ትልቁ የአርማታ ሥራ አርማታ አይደለም ልንል ነው።

ሲሚንቶና ኮንክሪት ተደባልቀው መጠራታቸውን ጸሐፊው ነቅፈዋል። እዚህ ላይ እስማማለሁ። «የሲሚንቶ ወለል» ብንልም ሲሚንቶው ማጣበቂያው ብቻ ነው፤ አብዛኛው የወለሉ ግዝፈት ጠጠርና አሸዋ ነው። ግን በዚህ ምክንያት ቤት ሲፈርስ አላየሁም።

አንድ ቃል ግን ሳይነኩት አልፈዋል፤ ገርሞኛል። ንጹህ አማርኛ ስለሆነ ይሆናል። «ደረቀ» የሚለው ነው።

«አርማታው ደረቀ ወይ?» ብሎ የማይጠይቅ ባለቤት የለም። ቃሉ የኛ ነው፤ ጣሊያን አላመጣውም። ችግሩ አርማታ የሚጠነክረው በመድረቅ አለመሆኑ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው። ውሃው በፀሐይና በነፋስ ካለቀበት ውሕደቱ ይቆማል፤ ጥንካሬውም እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው የድልድይ እግር ወንዝ ውስጥ ሆኖ የሚጠነክረው። «ደረቀ» የሚል ሰው ግን ልቡ የሚያስበው እንደ ጭቃ ቤት ነው። ፀሐይ ሲወጣ ደስ ይለዋል። ውሃ አጠጣ ስትለው «ገና አሁን ደረቀልኝ ስል እንዴት ላርስ?» ይልሃል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሶሌታው ጆንያ ለብሶ ቢያንስ ሰባት ቀን መራስ ሲገባው በሁለተኛው ቀን አፈር መስሎ ይነጣል። ላዩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። ከዚያ ሲሚንቶው ይሰደባል።

በፒፒሲ ሲሚንቶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፒፒሲ ፖዞላና የሚባል የእሳተ ገሞራ አፈር ስለተጨመረበት መጀመሪያ ላይ ከመደበኛው ሲሚንቶ፣ ከኦፒሲ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ላዩን ስትነካው ጠጣር ነው። «ደርቋል» ብለህ ድጋፉን ከሥሩ ብታወጣ ግን የሚያወራው የላዩ ጠጣርነት ሳይሆን የውስጡ ጥንካሬ ነው። ማረም ካማረን «ደረቀ»ን ትተን «ጠነከረ» እንበል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ግዕዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው ሲ-25 ቁጥር ስለሆነ ትርጉም አያሻውም፣ ማንም አይሳሳትበትም ብለዋል። ከጽሑፋቸው ሁሉ በጣም የማልስማማበት ይህ ነው።

25ቱ ምንድን ነው? ጥንካሬ ነው፤ ሜጋፓስካል በሚባለው የግፊት መለኪያ። 15 ሴንቲ ሜትር በ15 በ15 የሆነ ኩብ ተሞልቶ፣ በውሃ ቆይቶ፣ በ28ኛው ቀን ማሽን ውስጥ ይጨመቃል። 25 ከደረሰ ያ ኩብ 57 ቶን ገደማ ተሸክሟል ማለት ነው። እስከዚህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ናሙናው ሁልጊዜ ኩብ አይደለም። ሲሊንደርም አለ፤ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30። ያው ድብልቅ በሲሊንደር ሲለካ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ኩቡ አጭር ስለሆነ የማሽኑ ሳህኖች ከላይና ከታች ጨብጠው ይይዙታል፤ ሲሊንደሩ ግን መሐሉ ነጻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአገራችን የኮንክሪት ኮድ ሲ-25 ሲል የኩቡን ማለቱ ነው። በስሌት ውስጥ ሲገባ ለ1.25 ተካፍሎ 20 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓውን ተከትሎ የመጣው ኮድ ደግሞ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጽፋል፤ ሲ20/25፣ ሲ25/30 እያለ። የመጀመሪያው የሲሊንደር፣ ሁለተኛው የኩብ ነው። እንግዲህ የድሮው ሲ-25 በአዲሱ ሲ20/25 ነው። በአዲሱ የሠለጠነ ወጣት መሐንዲስ ግን «ሲ-25» ሲባል ሲ25/30 ብሎ ሊያስብ ይችላል። አንዱ በድሮው ያሰላል፣ ሌላው በአዲሱ ያዛል። ሁለቱም «ሲ-25» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የማይገናኙት ግን በአንድ ሙሉ ደረጃ ነው።

ሌላው ደግሞ የሥራ ዝርዝር ሰነዶቻችን «ሲ-25፣ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ» ብለው መጻፋቸው ነው። ከዚህ የተነሳ ሳይት ላይ ሲ-25 የአሠራር ስም ሆኗል። 360 ኪሎ፣ ማለትም ሰባት ከረጢትና 10 ኪሎ ሲሚንቶ ከገባበት ሲ-25 ነው ይባላል። ሲ-25 ግን የወጥ ቅመም ዝርዝር አይደለም፤ ወጡ ከወጣ በኋላ የሚቀመስ ውጤት ነው። ያው 360 ኪሎ ሲሚንቶ ውሃ ከበዛበት 25 አይደርስም። ዳፍ ኤብራምስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1918 ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ለጥንካሬው ወሳኙ የውሃውና የሲሚንቶው ምጣኔ ነው። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ካሰብክ ውሃው በክብደት የሲሚንቶው ግማሽ ነው፤ ምጣኔው 0.5። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ እሱም ውሃ ይዞ ይመጣል። 100 ኪሎ አሸዋ 5 በመቶ እርጥበት ካለው 5 ሊትር ውሃ ተደብቆ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ላይ አንዱ «ኧረ ይህ ከበደኝ፣ ትንሽ ቀጠን አርገው» ሲል ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ በባልዲ ይጨምራል። «ቀጠን» ማለት ስንት ሊትር ነው? ይኸውና ንጹህ አማርኛ።

ጸሐፊው በሳጥን መለካትን ኋላቀርነት ብለውታል። ሳጥኑ ይጣል፣ ሁሉም በኪሎ ይሁን ይላሉ። ትልቅ ሥራ ላይ ልክ ናቸው። ግን አንድ ፎቅ ቤት የሚሠራ ሰው ማዕከላዊ ማደባለቂያ አይተክልም፤ ሳጥን ይዞ ነው የሚሠራው። ሳጥን ልኩ ከታወቀ ደህና መለኪያ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሲፈታ 35 ሊትር ገደማ ይሆናል። 40 በ50 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ብለህ ብትሞላ ልክ ትመጣለህ። አናጺው ጣውላ ተርፎት የሳጥኑን ቁመት ከ18 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ካደረገው ግን 50 ሊትር ሆነ። አሸዋና ጠጠሩ ወደ 40 በመቶ በሚጠጋ ጨመረ፤ ሲሚንቶው ያው አንድ ከረጢት ነው። ወረቀቱ ላይ አሁንም «1፡2፡3» ይላል። ቃሉም ቁጥሩም አልተለወጠም፤ የተለወጠው እንጨቱ ነው።

ቢያጆ ላይ ግን እጄን እሰጣለሁ። ይህ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል በእውነት አስቸጋሪ ነው። አንድ ቢያጆ አሸዋ ማለት አንድ መኪና አሸዋ ነው። መኪናው አይሱዙ ነው ወይስ ሲኖትራክ? 16 ሜትር ኩብ የሚባለውስ እስከ አፉ ሞልቶ ነው ወይስ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ የቀረው? ነገር ግን እዚህም ጥፋቱ የጣሊያን አይደለም። «አንድ መኪና አሸዋ» ብንለው ያው ነው።

ውሃ ልክ ደግሞ እንደ ቱንቢ ሁሉ ጸሐፊው የሚኮሩበት የኛ ቃል ነው። እኔም እኮራበታለሁ። ቱንቢ በትንቢተ አሞጽም ስላለ እንዲያውም የተከበረ ነው። ነገር ግን ውሃ ልክ ሳይት ላይ ስንት ነገር ነው? አረፋ ያላት የእጅ መሣሪያ ውሃ ልክ ናት። ሁለት ጥግ የምናስተካክልበት ውሃ የተሞላ ጎማም ውሃ ልክ ነው። ከመሬት በላይ ወጥቶ ግድግዳው የሚያርፍበት የመሠረቱ መጨረሻም ውሃ ልክ ነው። «ቤቱ ውሃ ልክ ደርሷል» የምንለው ለዚህ ነው።

ይህ ሦስተኛው ነው ሰው የሚያጣላው። ግንበኛው «እስከ ውሃ ልክ» ብሎ በቁርጥ ዋጋ ይዋዋላል። ለሱ ውሃ ልክ ማለት ድንጋዩ ተገንብቶ፣ ላዩ ላይ ያለው ቢም (አግዳሚው አርማታ) ተሞልቶ ማለቁ ነው። ለባለቤቱ ግን ውስጡ በገረጋንቲ ተሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ሃርድኮር የሚባለው የወለል ሥር ድንጋይ ተደርድሮ፣ ወለሉ ለሙሌት ዝግጁ ሆኖ ማየት ነው። በመሐሉ ያለው የብዙ ቀን ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ቀበሌ ድረስ የሄደ እንዲህ ያለ ጠብ አውቃለሁ። ውሉ ላይ አንድም የጣሊያን ቃል አልነበረበትም።

ወደ መንገድ ንጣፍ ልሻገር። ጸሐፊው «ኮብልስቶን» ስሕተት ነው ይላሉ። በእንግሊዝኛ ቃሉ ወንዝ ያለሰለሰው ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ የኛ ግን በመዶሻ የተጠረበ ነው። ልክ ነው። በጂኦሎጂስቶች ልኬት እንዲያውም ከ64 እስከ 256 ሚሊ ሜትር የሆነ ድንጋይ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራል። የኛው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጥርብ ኩብ ነው።

ግን ማን ተሳሳተበት? ሥራው በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ድሬዳዋ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት ቃሉም አብሮ ተዛመተ። ስንት ወጣት እንጀራ በላበት። ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ስለመጥረብ የተቀለደውን ቀልድ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቃሉ ቀልድ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት አይቻልም። «ጥርብ ድንጋይ» የሚለው ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ያን ማለት የሚፈልግ ይበል።

ንጣፉ የሚሰምጠው ግን በስሙ ምክንያት አይደለም። ድንጋዩ የሚያርፈው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው አሸዋ ላይ ነው። ከአሸዋው በታች ገረጋንቲ አለ። ከገረጋንቲው በታች የተጠቀጠቀ አፈር አለ። መኪናውን የሚሸከመው ይህ ሁሉ ነው። በድንጋዮቹ መሐል ያለው ደርዝ በአሸዋ ጥቅጥቅ ብሎ ሲሞላ ደግሞ አንዱ ድንጋይ ሌላውን ይይዘዋል። «ንጣፍ» ሲባል ግን ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ላይኛው ድንጋይ ብቻ ነው። ዋጋም የሚጠየቀው «ካሬው በስንት?» ተብሎ ለሱ ነው። ከሥሩ ያለው ይረሳል። ክረምት ይገባል፣ ውሃ ይሰርጋል፣ የመኪናው ጎማ የሚሄድበት መሥመር ይጎደጉዳል።

«ገረጋንቲ»ም እንደዚሁ ነው። ቀላ ያለ፣ ጠጠር የቀላቀለ ነገር ከካባ (ከመቆፈሪያ ቦታው) ከመጣ ሁሉም ገረጋንቲ ይባላል። ለመንገድ ሰብ ቤዝ (ከላይኛው ንጣፍ ሥር ለሚገባው ድርብ) በተለምዶ የሚጠየቀው ግን በላቦራቶሪ ሲቢአሩ፣ ማለትም የመሸከም አቅሙ ልኬት፣ ቢያንስ 30 በመቶ የሆነ ነው። አንዱ ገረጋንቲ ይህን ያልፋል፤ ሌላው ሸክላ በዝቶበት ውሃ ሲነካው ሊጥ ይሆናል። ለሁለቱ አንድ ስም አለን። ጸሐፊው አዲስ ቃል ለመፍጠር ከቸኮሉ፣ እዚህ ላይ ቢፈጥሩልን አንደኛ ነኝ።

«አስፋልት ኮንክሪት» ሲሚንቶ ስለሌለው ኮንክሪት አይባልም የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። ኮንክሪት ማለት ጠጠርና አሸዋ በማጣበቂያ የተያያዘበት ነገር ነው። እዚያ ማጣበቂያው ሲሚንቶ ነው፤ እዚህ ሬንጅ ነው፣ በክብደት 5 በመቶ ገደማ። ስሙ ላይ ችግር የለም።

የቀረው የአዳዲሶቹ ቃላት ጉዳይ ነው። ለስታፋ «ጠፍር ብረት»፣ ለሶሌታ «ዝርግ ጣሪያ»፣ አርማታውን እያንቀጠቀጠ ለሚያስተኛው ማሽን፣ ለቫይብሬተር፣ «ነዛሪ» የሚሉ አሉበት። አንዳንዶቹ ደስ ይላሉ። ግን ሙሌት ላይ ያለ ሰው አስቡ። ሚክሰሩ ይጮኻል፣ ቫይብሬተሩ ይጮኻል። አንዱ «ስታፋው ተንሸራተተ!» ብሎ ሲጮህ ፌራዮው ዘሎ ይደርሳል። «ጠፍር ብረቱ!» ቢባል አርማታው ፈስሶ እስኪሸፍነው ድረስ ማን እንደተጠራ ይጣራል። ሶሌታ ደግሞ ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ የላይኛው ቤት ወለልም ነው። «ዝርግ ጣሪያ» ሲባል ወለሉ ወዴት ሄደ?

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር መሥራት እፈልጋለሁ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎቻችን መማሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሳይት ሲወጡ የሚሰሙት ደግሞ ሌላ ነው። ልጁ «ስቲረፕ» ተምሮ ይመጣና ካፖው «ስታፋ» ሲለው ይደናገራል። መማሪያው ላይ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የሳይቱ ስም ይጻፍ። ከስሙ ቀጥሎ ልኩ ይጻፍ፤ ቤርጋ 12 ሜትር፣ ሳጥን 40 በ50 በ18፣ ሲ-25 ኩብ ነው ወይስ ሲሊንደር፣ ገረጋንቲ ሲቢአሩ ስንት። ውል ላይም «እስከ ውሃ ልክ» ተብሎ አይቁም፤ ቢሙ፣ ሙሌቱ፣ ሃርድኮሩ የማን እንደሆነ በየስማቸው ይዘርዘር።